ያልተነካ ፊትና ያልተፈተነ መዝገብ
የታላላቅ ቦክሰኞችን የመከላከል ብቃት በምን እንለካለን?

አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም ኦሊምፒክ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ፈጸመ። ከአራት ዓመት በኋላ በቶኪዮ የፈጀበት ጊዜ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ነበር። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ1998፣ ቀነኒሳ በቀለ ደግሞ በ2005 የ10,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ሲያስመዘግቡ የኃይሌ ሰዓት 26 ደቂቃ ከ22.75 ሰከንድ፣ የቀነኒሳ 26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሆኖ ተመዘገበ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የጫማው፣ የመሮጫው ሜዳና የአየሩ ሁኔታ ልዩነት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ የሩጫ ሰዎች የሚወዳደሩበት አንድ የጋራ መለኪያ አለ፤ እርሱም ሰዓት ነው። ሰከንድ በሮምም በቶኪዮም ሰከንድ ነው።

ቦክስ ግን እንዲህ ያለ መለኪያ የለውም። ኢትዮጵያ አበበ ሁለተኛውን ወርቅ ባገኘበት በዚያው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ቦክሰኞችንም አሰልፋ ነበር፤ ይሁን እንጂ እስከ ዛሬ በኦሊምፒክ ያገኘናቸው ሜዳሊያዎች በሙሉ የአትሌቲክስ ናቸው። የአንድን ቦክሰኛ ብቃት የምናውቀው በሌላ ሰው በኩል ብቻ ነው። ስንት አሸነፈ? ማንን አሸነፈ? ያሸነፈውስ ሰው በበኩሉ ማንን አሸንፎ ነበር? ጥያቄው በመከላከል ብቃት ላይ ሲነሣ ይበልጥ ይጠባል፤ ምክንያቱም ጥሩ ተከላካይ የሚታወቀው በሆነው ነገር ሳይሆን ሳይሆን በቀረው፣ ማለትም ባልደረሰበት ቡጢ ነው። ያልደረሰ ነገር እንዴት ይቆጠራል? ቡጢው ያልደረሰውስ ተከላካዩ ጎበዝ ስለሆነ ነው ወይስ ወርዋሪው ደካማ ስለሆነ?

ይህ ጥያቄ ለስፖርት ወዳጆች የሻይ ሰዓት ክርክር ብቻ አይደለም። ከመሐል አገር ርቆ በሚገኝ እንደ ጋምቤላ ባለ ክልል የሚያድግ ወጣት ስፖርተኛ ዕጣ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በዚሁ ጥያቄ መልስ ነው። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ከመሠረቱ፣ ከፊዚክሱ እንጀምር።

የአንድ ዐሥረኛ ሰከንድ ችግር

በ1985 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በዓለም ደረጃ የታወቀውን የከባድ ሚዛን ቦክሰኛ ፍራንክ ብሩኖን ቡጢ ለኩ። ቦክሰኛው የመታው በገመድ የተንጠለጠለና በስፖንጅ የተሸፈነ ከባድ ዕቃ ሲሆን፣ ይህም በፊዚክስ ትምህርት የምናውቀው ባሊስቲክ ፔንዱለም ነው። ውጤቱ እንዲህ ነበር። ቡጢው ከተነሣበት 0.49 ሜትር ተጉዞ ዒላማው ላይ ለመድረስ የፈጀበት ጊዜ 0.1 ሰከንድ፣ ሲደርስ የነበረው ፍጥነት በሰከንድ 8.9 ሜትር፣ ያሳረፈው ከፍተኛ ጉልበት 4096 ኒውተን። ይህ ጉልበት ከአራት ኩንታል በላይ የሆነ ጭነት ከሚያሳርፈው ክብደት ጋር ይተካከላል።

አሁን ከዚህ ጎን የሰውን ልጅ ንቃት እናስቀምጥ። ውድ አንባቢ፣ ይህን ራስዎ ሊለኩት ይችላሉ። ጓደኛዎ የ30 ሴንቲ ሜትር ማስመሪያ ከላይኛው ጫፉ ይዞ ያንጠልጥል፤ እርስዎ ከታች በዜሮው ምልክት ላይ አውራ ጣትዎንና ሌባ ጣትዎን ሳያስነኩ ከፍተው ይጠብቁ። ጓደኛዎ ሳይናገር ይልቀቀው፤ እርስዎ ይያዙት። ማስመሪያው የወደቀበትን ርቀት በሁለት አባዝተው በ9.8 ያካፍሉና ካሬ ዘሩን ይውሰዱ። 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ከያዙት 0.2 ሰከንድ ያህል ፈጅቶብዎታል ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚያገኘው ከዚህ የማይርቅ ቁጥር ነው። ልብ ይበሉ፤ በዚህ ሙከራ ምን እንደሚመጣ አስቀድመው ያውቃሉ። ቡጢው ከግራ ይሁን ከቀኝ፣ ወደ ራስ ይሁን ወደ ሆድ መለየት ቢኖርብዎ ጊዜው ከዚህም ይረዝማል።

ሒሳቡ ግልጽ ነው። ቡጢው በ0.1 ሰከንድ ይደርሳል፤ ዓይን አይቶ ጡንቻ እስኪነቃነቅ 0.2 ሰከንድ ያልፋል። በዚህ ላይ ራስን 15 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ለማውጣት፣ ጡንቻዎቻችን ለራሳችን በሰከንድ ካሬ 10 ሜትር ያህል ማጣደፊያ ይሰጣሉ ብለን ብንወስድ፣ ሌላ 0.17 ሰከንድ ይጨመራል። በድምሩ 0.37 ሰከንድ ይሆናል። እንግዲህ ቡጢውን ሊያመልጥ የሚሻ ሰው ቡጢው ከመነሣቱ ከ0.27 ሰከንድ በፊት ውሳኔውን መጀመር አለበት ማለት ነው።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ትልቅ ነገር አለ። ታላቅ ተከላካይ ቡጢን አይቶ አያመልጥም፤ ቡጢው ሳይወለድ ያነብበዋል። የተጋጣሚው ትከሻ ዝቅ ሲል፣ ክብደቱ ወደ ኋላ እግሩ ሲሸጋገር፣ ትንፋሹ ሲለወጥ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ይገምታል። ወይም ደግሞ ርቀቱን ይጠብቃል፤ በእጁ ርዝመት ብቻ ሊደርስበት የማይችል ተጋጣሚ መራመድ ይኖርበታልና፣ ያ እርምጃ የጎደለውን ጊዜ ይመልስለታል። ዊሊ ፔፕ ይህን በእግሩ፣ ፐርኔል ዊታከር በወገቡና በጉልበቱ እየተጎነበሰ፣ ፍሎይድ ሜይዌዘር ግራ ትከሻውን አገጩ ላይ ከልሎ እየተንከባለለ አድርገውታል። መንገዳቸው ይለያያል፤ የሚፈቱት እኩልነት ግን አንድ ነው።

ከዚህም ሌላ መዘዝ ይከተላል። የመከላከል ብቃት በግምት ላይ ከቆመ፣ ግምቱ የሚሳካው በተጋጣሚው ዓይነት መጠን ነው። ትከሻውን አስቀድሞ የሚያሳይ ጀማሪን ማንበብ ቀላል ነው። ሐሰተኛ ምልክት እያሳየ የሚያታልል አንጋፋን ማንበብ ግን ሌላ ሙያ ነው። ስለዚህ «ይህ ሰው አይነካም» ከማለታችን በፊት «በማን አይነካም?» ብለን መጠየቅ የፊዚክሱ ግዴታ ነው።

ያረፈ ቡጢ ሁሉ እኩል አይደለም

መከላከል ማምለጥ ብቻ አይደለም፤ የማይመለጠውን ማለዘብም ነው። በሰከንድ 9 ሜትር የሚመጣ ቡጢ በቆመ ራስ ላይ ቢያርፍ ግጭቱ በ9 ሜትር ፍጥነት ይሆናል። ራሱ በሰከንድ 2 ሜትር ወደ ኋላ እየሸሸ ከሆነ አንጻራዊው ፍጥነት 7 ይሆናል። ካይነቲክ ኢነርጂ በፍጥነት ካሬ ስለሚለካ፣ 49ን ለ81 ስናካፍል ኃይለኝነቱ ወደ 60 በመቶ እንደሚወርድ እናያለን። ራሱ በተቃራኒው በ2 ሜትር ፍጥነት ወደ ቡጢው እየገባ ከሆነ አንጻራዊው ፍጥነት 11 ስለሚሆን 149 በመቶ ይደርሳል። አንድ ዓይነት ቡጢ፣ እንደ ራሱ እንቅስቃሴ፣ ወደ ሁለት እጥፍ ተኩል የሚጠጋ ልዩነት ያመጣል።

ሁለተኛው መንገድ ጊዜን ማራዘም ነው። ያው አንድ የሞመንተም ለውጥ በ0.01 ሰከንድ ፈንታ በ0.02 ሰከንድ ከተፈጸመ አማካዩ ጉልበት በግማሽ ይቀንሳል። የእንቁላል ቅርጫት የሚቀበል ሰው እጁን ዝቅ እያደረገ የሚቀበለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ በታሪክ ጎልቶ የታየው ጥቅምት 30 ቀን 1974 በኪንሻሳ ነው። የጋምቤላን የበጋ ወበቅ ለሚያውቅ አንባቢ የዚያን ሌሊት አየር ማስረዳት አያስፈልግም። የ25 ዓመቱ ጆርጅ ፎርማን 40 ጊዜ ተጋጥሞ 40ውንም አሸንፏል፤ 37ቱን በዝረራ። የ32 ዓመቱ መሐመድ አሊ የቀድሞ እግሩ ስላልነበረው ወደ ገመዱ ተደግፎ፣ ክንዶቹን አጥሮ፣ ፎርማን እንዲመታው ፈቀደ። ገመዱ ወደ ኋላ እየለጠጠ የግጭቱን ጊዜ አራዘመለት፤ ክንዶቹ ቡጢውን ከፊቱና ከሆዱ መለሱለት። ፎርማን በበኩሉ በእያንዳንዱ ውርወራ ጉልበት ከፈለ፤ ከሳተ ደግሞ የራሱን ክንድ በራሱ ጡንቻ ማቆም ስለነበረበት ክፍያው ጨመረ። በስምንተኛው ዙር ፎርማን ተዘረረ።

እንግዲህ በዚያ ሌሊት የተወረወሩትንና ያረፉትን ቡጢዎች ብቻ የሚቆጥር ሰው የአሊን መከላከል ደካማ ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። ነገር ግን መከላከሉ ግቡን መትቷል። ቁጥር ያስፈልገናል፤ ቁጥር ብቻውን ግን አይበቃም።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

ከ1985 ጀምሮ ኮምፒዩቦክስ የተባለ ድርጅት በታላላቅ ግጥሚያዎች የተወረወሩትንና ያረፉትን ቡጢዎች ያስቆጥራል። ቆጣሪዎቹ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ አንዱን ቦክሰኛ፣ ሌላው ሌላውን እየተከታተሉ ቁልፍ ይጫናሉ። የሜይዌዘርን ሦስት ግጥሚያዎች እንመልከት።

በ2013 ሳውል አልቫሬዝ 526 ወርውሮ 117 አሳረፈ፤ 22.2 በመቶ።
በ2014 በመጀመሪያው ግጥሚያቸው ማርኮስ ማይዳና 858 ወርውሮ 221 አሳረፈ፤ 25.8 በመቶ።
በ2015 ማኒ ፓኪያዎ 429 ወርውሮ 81 አሳረፈ፤ 18.9 በመቶ።

ከዚህ ተነሥተን «ሜይዌዘር ከአልቫሬዝ ይልቅ ፓኪያዎን በተሻለ ተከላክሏል» ማለት እንችላለን? የሳይንስ ተማሪ እዚህ ላይ ቆም ማለት አለበት። እያንዳንዱን ቡጢ እንደ ሳንቲም ውርወራ ብንወስደው የመቶኛው የስህተት ህዳግ በቀላሉ ይሰላል። ያረፈውን ክፍልፋይ ባላረፈው ክፍልፋይ አባዝተን፣ በውርወራው ብዛት አካፍለን፣ ካሬ ዘሩን እንወስዳለን። ለአልቫሬዝ 1.8 በመቶ፣ ለፓኪያዎ 1.9 በመቶ ይመጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 3.3 ሲሆን የልዩነቱ የስህተት ህዳግ ደግሞ 2.6 ነው። ልዩነቱ ከህዳጉ እምብዛም ስለማይበልጥ የአጋጣሚ ውጤት ሊሆን ይችላል። በማይዳናና በፓኪያዎ መካከል ያለው የ6.9 ልዩነት ግን የስህተት ህዳጉን (2.4) ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል፤ ይህ በአጋጣሚ የሚመጣ አይመስልም። እርግጥ ቡጢዎች እንደ ሳንቲም ውርወራ አንዱ ከሌላው ነጻ አይደሉም፤ አንዱ ካረፈ ተከታዩ የማረፍ ዕድሉ ይለወጣል። ስለዚህ እውነተኛው ህዳግ ካሰላነው ሰፋ ይላል እንጂ አይጠብም።

ዋናው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። 18.9 በመቶ ትንሽ ነው ወይስ ብዙ? መልሱ ያለው ተጋጣሚው በሌሎች ሰዎች ላይ ከሚያሳርፈው ጋር ስናነጻጽረው ነው። ሁለት ቦክሰኞችን በምናብ እናስቀምጥ። «ሀ» በተጋጣሚዎቹ 20 በመቶ ብቻ ይመታል፤ ነገር ግን እነዚያ ተጋጣሚዎች ማንንም ቢሆን የሚያገኙት በ22 በመቶ ነው። «ለ» 27 በመቶ ይመታል፤ ተጋጣሚዎቹ ግን በሌሎች ላይ 38 በመቶ የሚያሳርፉ ናቸው። መዝገብ ላይ «ሀ» የማይነካ ይመስላል። በእውነቱ ግን «ሀ» ከተጋጣሚዎቹ የቀነሰው 2 በመቶ፣ «ለ» የቀነሰው 11 በመቶ ነው። ታላቁ ተከላካይ «ለ» ነው።

ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር እንጨብጠው። የመከላከል ብቃት ማለት የተቀበልነው ቡጢ ማነስ ሳይሆን፣ ተጋጣሚያችን ከልማዱ ያጎደልንበት መጠን ነው።

የተጋጣሚን ጥራት የመዘነ የፊዚክስ መምህር

ታዲያ የተጋጣሚውን ልማድ በምን እናውቃለን? ለዚህ ጥያቄ ስመ ጥር መልስ የሰጠው በአሜሪካ በማርኬት ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያስተምር የነበረ የሀንጋሪ ተወላጅ ነው። አርፓድ ኢሎ ይባላል። ለቼዝ ተጫዋቾች ያዘጋጀው የደረጃ አሰጣጥ በ1960 በአሜሪካ፣ በ1970 በዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን ተቀባይነት አገኘ። የሒሳብ ሥሩ ከእርሱ በፊት የነበረ ነው፤ ጀርመናዊው ኤርንስት ዘርሜሎ በ1929፣ ብራድሊና ቴሪ ደግሞ በ1952 ተመሳሳይ ሐሳብ አቅርበው ነበር።

ሐሳቡ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ አንድ ቁጥር ይኖረዋል። የሁለት ሰዎች ቁጥር እኩል ከሆነ እያንዳንዳቸው የማሸነፍ ዕድላቸው 50 በመቶ ነው። አንዱ በ200 ነጥብ ከበለጠ ዕድሉ 76 በመቶ፣ በ400 ከበለጠ 91 በመቶ ይሆናል። ከግጥሚያው በኋላ ቁጥሩ የሚስተካከለው ውጤቱ ከተጠበቀው በራቀ መጠን ነው። በአንድ ግጥሚያ የሚንቀሳቀሰው ነጥብ ቢበዛ 32 ቢሆን፣ በ400 ነጥብ የሚያንስን ሰው ያሸነፈ 3 ነጥብ ያህል ብቻ ያገኛል፤ ቢሸነፍ 29 ያጣል። እኩያውን ያሸነፈ 16 ያገኛል። ደካማን ማሸነፍ የሚያስገኘው ጥቂት ነው፤ ዜና አይደለምና።

በዚህ ሚዛን የቦክስ መዝገቦችን እንይ። ሜይዌዘር በ2017 መዝገቡን 50 ለ 0 አድርሶ ሮኪ ማርሲያኖ በ1956 ሲሰናበት የተወውን 49 ለ 0 አለፈ። ከሃምሳዎቹ ድሎች 48ኛው በፓኪያዎ ላይ የተገኘ ነው። 50ኛው ግን የተገኘው በኮነር ማክግሬገር ላይ ሲሆን፣ ይህ ሰው በሌላ የፍልሚያ ስፖርት የታወቀ ቢሆንም በሙያ ቦክስ ያ የመጀመሪያ ግጥሚያው ነበር። በመዝገቡ ላይ ሁለቱም እንደ አንድ አንድ ድል ተጽፈዋል። በኢሎ ሚዛን ግን አንዱ ወርቅ ሲሆን ሌላው ከአቧራ አይከብድም።

በአንጻሩ ፐርኔል ዊታከር በሙያ ዘመኑ 4 ጊዜ ተሸንፏል። ሆኖም መስከረም 10 ቀን 1993 በሳን አንቶኒዮ የገጠመው 87 ጊዜ ተጋጥሞ 87ቱንም ያሸነፈውን ሁሊዮ ሴሳር ቻቬዝን ነበር። ሁለት ዳኞች እኩል ለእኩል፣ አንዱ ለዊታከር ስለ ሰጡ ውጤቱ አቻ ተባለ፤ ብዙ ተመልካቾች ግን ዊታከር አሸንፏል ብለው ተከራከሩ። ከሽንፈቶቹ መካከል ሁለቱ በ1997 በኦስካር ዴ ላ ሆያና በ1999 በፌሊክስ ትሪኒዳድ የደረሱ ሲሆኑ፣ ሁለቱም በጊዜው ያልተሸነፉ ነበሩ። ይህ መዝገብ ውበቱ ቢጎድልም ብዙ ይናገራል፤ ምክንያቱም ጣሪያው የት እንደሆነ ያሳያልና። ጨርሶ ያልተሸነፈን ሰው በዘርሜሎና በብራድሊ ሒሳብ ለማስላት ብንሞክር ቁጥሩ ወደ ወሰን የለሽነት ይሸሻል። ሒሳቡ «ይህ ሰው ከሁሉ ይበልጣል» ማለቱ አይደለም፤ «ይህን ሰው ከላይ የሚገታ መረጃ አልሰጣችሁኝም» ማለቱ ነው።

አንድ ቁጥር የማይበቃበት ጊዜ

ሚዛኑ ግን ወሰን አለው። ፎርማን በ1973 ጆ ፍሬዚርን በሁለት ዙር፣ በ1974 መጀመሪያ ኬን ኖርተንንም በሁለት ዙር አሸነፈ። ፍሬዚር በ1971፣ ኖርተን በ1973 አሊን ያሸነፉ ሰዎች ናቸው፤ ኖርተን የአሊን መንጋጋ ሰብሮ ነበር። አሊ ከሁለቱም ጋር በድጋሚ ገጥሞ ያሸነፈው በዳኞች ነጥብ ነው። በቀላል አመክንዮ ፎርማን አሊን በቀላሉ ማሸነፍ ነበረበት። የሆነው ግን ከላይ ያየነው ነው።

በቁጥር ዓለም «ሀ» ከ«ለ» ከበለጠ፣ «ለ»ም ከ«ሐ» ከበለጠ፣ «ሀ» ከ«ሐ» መብለጡ የማይቀር ነው። በሰዎች ፍልሚያ ግን ክብ ሊፈጠር ይችላል። ፎርማን ወደ እርሱ እየገቡ ለሚዋጉት አስፈሪ ነበር፤ የፍሬዚር ራስ ወደ ቡጢው እየገባ አንጻራዊውን ፍጥነት ይጨምርለት እንደነበር ልብ ይሏል። አሊ ግን ጊዜን እያራዘመ የፎርማንን ጉልበት ራሱ ላይ አዞረበት። የዊሊ ፔፕም ታሪክ ይህንኑ ያስተምራል። በ136 ግጥሚያ አንድ ጊዜ ብቻ የተሸነፈው ይህ የመከላከል ሊቅ ከ1948 እስከ 1951 ድረስ ከረጅሙ ሳንዲ ሳድለር ጋር አራት ጊዜ ተጋጥሞ ሦስቱን ተሸነፈ። ለፔፕ እግር መልሱ የረጅም ክንድና የማያቋርጥ ግፊት ነበር።

ስለዚህ የአንድን ተከላካይ ታላቅነት ለመመስከር ተጋጣሚዎቹ ጠንካሮች መሆናቸው ብቻ አይበቃም፤ የተለያዩ ዓይነቶች መሆናቸውም መታየት አለበት። ረጅሙንም አጭሩንም፣ ገፊውንም ሸሺውንም፣ ቀኙንም ግራኙንም ያጎደለባቸው እርሱ ተፈትኗል።

ደሴቶችና ድልድዮች

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። እያንዳንዱን ስፖርተኛ በነጥብ፣ እያንዳንዱን ግጥሚያ ሁለት ነጥቦችን በሚያገናኝ መስመር ብንሥል መረብ ይወጣል። የብራድሊና የቴሪ ሒሳብ መልስ የሚሰጠው መረቡ የተያያዘ ሲሆን ብቻ ነው። በጋምቤላ ከተማ፣ በኢታንግ፣ በአቦቦና በላሬ ያሉ ወጣቶች እርስ በርሳቸው ብቻ፣ በአዲስ አበባ ያሉትም እርስ በርሳቸው ብቻ ቢጋጠሙ፣ ሁለት ደሴቶች ይኖሩናል። በእያንዳንዱ ደሴት ውስጥ ማን ከማን እንደሚበልጥ እናውቃለን። የአንዱ ደሴት አንደኛ ከሌላው ደሴት አንደኛ ጋር ሲነጻጸር ግን የትኛውም ሒሳብ፣ የትኛውም ኮምፒዩተር መልስ የለውም። መልሱ ስለተደበቀ አይደለም፤ በመረጃው ውስጥ ስለሌለ ነው።

ከዚህ ላይ ሁለት ዓይነት በደል ይወለዳል። አንደኛው፣ ከሩቅ የመጣውን ወጣት «በማን ላይ ነው ያሸነፈው?» ብሎ ሳይፈትኑ መናቅ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በሰፈሩ አልተሸነፈም ብሎ ሳይፈትኑ ማግነን፣ ከዚያም ድንገት ከማይመጣጠነው ጋር አጋጥሞ ማስመታት ነው። ሁለቱም የሚመነጩት ያልተለካውን እንደተለካ ከመቁጠር ነው።

የመረጃ ሳይንስ ይህን በቁጥር ያስረዳል። 95 በመቶ እንደሚያሸንፍ የሚጠበቅ ሰው ሲያሸንፍ ያገኘነው መረጃ 0.07 ቢት ያህል ብቻ ነው። ዐሥር ጊዜ ቢደግመው 0.74 ቢት ይሆናል። ዕድሉ 50 በ50 በሆነ አንድ ግጥሚያ ግን፣ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም፣ አንድ ሙሉ ቢት እናገኛለን። እንግዲህ አንድ የጋምቤላ ልጅ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ በአዲስ አበባ ከእኩያው ጋር ገጥሞ በጠባብ ነጥብ ቢሸነፍ፣ ያ ሽንፈት በሰፈሩ ካገኛቸው ዐሥር ቀላል ድሎች የበለጠ ስለ እርሱ ይናገራል። የሚያሳዝነው፣ በተለመደው አመዘጋገብ ያ ግጥሚያ የሚጻፈው እንደ ጉድለት መሆኑ ነው።

መፍትሔው ድልድይ ነው። የባሮ ድልድይ ሲሠራ የወንዙን ዳርና ዳር ያሉትን መንደሮች በሙሉ አንድ በአንድ ማያያዝ አላስፈለገም፤ አንድ ጠንካራ መሻገሪያ በቂ ነበር። በመረብም እንዲሁ ነው። ከእያንዳንዱ ደሴት ጥቂት ሰዎች በየጊዜው ቢገናኙና ውጤቱ በሐቅ ቢመዘገብ፣ የቀሩት ሁሉ በእነርሱ በኩል ይነጻጸራሉ። የግጥሚያው ቦታ ደግሞ መፈራረቅ አለበት። በቆላው የጋምቤላ ሙቀት የለመደ አካል ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ፣ በሳሳ አየር ውስጥ ሲዋጋ በሚዛኑ ላይ የማይታይ ክብደት ይሸከማል። የደጋው ልጅም ወደ ባሮ ሲወርድ እንዲሁ።

የሚዛኑ ሌላ ጎን

ለምን በመከላከል ላይ አተኮርን? ምክንያቱ ከውጤት ያለፈ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ሃሪሰን ማርትላንድ በ1928 በቦክሰኞች ላይ የሚታየውን የአእምሮ መጎዳት ለሕክምናው ዓለም ካሳወቀ ወዲህ፣ በራስ ላይ የሚደጋገም ምት ዋጋ እንደሚያስከፍል ታውቋል። ጓንት በዋነኛነት የሚጠብቀው የመቺውን እጅ ነው። አሊ በ1984 የፓርኪንሰን ሕመም እንዳለበት ታወቀ፤ ሐኪሞች በሕመሙ መንስኤ ላይ ቢከራከሩም፣ በገመድ ተደግፎ ቡጢ የመቀበል ስልት ያለ ዋጋ የሚገኝ አለመሆኑን ማንም አይክድም። በድልና በዝረራ ብዛት ብቻ ወጣቶችን የሚመርጥ አሠልጣኝ ቡጢ እየተቀበሉ የሚያሸንፉትን ይመርጣል። ተጋጣሚን ከልማዱ የማጉደልን ብቃት የሚለካ አሠልጣኝ ግን በሃምሳ ዓመታቸውም ስማቸውን የማይረሱ ስፖርተኞችን ያፈራል።

ለተማሪዎች አንድ ሥራ ልተው። የቦክስ መድረክ አያስፈልግም፤ የማንንም ራስ መምታትም አይገባም። የየወረዳችሁን ትምህርት ቤቶች የአንድ ዓመት የእግር ኳስ ውጤቶች ሰብስቡ። እያንዳንዱን ቡድን በነጥብ፣ እያንዳንዱን ጨዋታ በመስመር ሣሉ። በመጀመሪያ መረቡ የተያያዘ መሆኑን አረጋግጡ። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ቡድን የገባበትን ግብ ሳይሆን፣ ተጋጣሚዎቹ በሌሎች ላይ በአማካይ ከሚያስቆጥሩት ምን ያህል እንዳጎደለባቸው አስሉ። የመከላከያው አንደኛ ሰንጠረዡ ከሚለው ቡድን የተለየ ሆኖ ብታገኙት አትደነቁ።

ወርቅ በእሳት ይፈተናል ይባላል። የፊዚክስ ሰው በዚህ ላይ የሚጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከወርቁ በፊት የእሳቱን ሙቀት ለኩ።